ባዶ መኪና አይሄድም

ሀብትነሽ በየማለዳው ቡሬ ለመሄድ ትሰናዳለች፤ ቡሬን ካየች ግን ዓመት ከሦስት ወር ሆኗታል። ዛሬም ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ጥቁሩን ሻንጣ መሬት ላይ ከፈተችና የጤፍ ጭድ እፍኝ በእፍኝ እየጠቀጠቀች ሞላችው። ልጇ አይናለም በአልጋው ጫፍ ብርድ ልብስ አንጥፋ የእናቷን ነጠላ እየተኮሰች ሻንጣውን በዓይኗ መዘነችው። «ትናንት አንዱ ሲያነሣልሽ ቀለለው ብለሽኝ የለ? ድንጋይ ጨምሪበት እንጂ» አለች። ሀብትነሽም የበሩን ማስደገፊያ ድንጋይ አንሥታ ከጭዱ መኻል ቀበረችው። ከአልጋው ሥር ገብስማዋ ዶሮ በዕንቅቧ ውስጥ ሆና ታጉረመርማለች። በወር ሁለት ሺህ ብር የሚከፈልባት ክፍል አንዲት ናት፤ አልጋውና ቁም ሳጥኑ ከገቡ በኋላ የተረፈው ቦታ ለሁለት ሰው ባንድ ጊዜ አይበቃምና እናትና ልጅ የሚለብሱት በተራ ነው። ሀብትነሽ አረንጓዴ ጥለት ያለውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ጃንጥላዋን አንጠልጥላ፣ ሻንጣዋን ይዛ ከግቢው ስትወጣ ጎረቤቶቿ «በሰላም ግቢ» ይሏታል። ለምሳ እንደምትመለስ ሁሉም ያውቃል።

ሥራዋ መቀመጥ ነው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የዋለ ሰው ሕጉን አይስተውም፤ ባዶ መኪና አይሄድም። መኪና የሚሄደው ሲሞላ ነው፤ ቀድሞ የገባ ሰው ደግሞ እስኪሞላ ድረስ ሁለት ሰዓት በፀሐይ ይጠበሳል። ስለዚህ ማንም ቀድሞ አይገባም። ሁሉም ጥላ ሥር ቆሞ ሌላው እስኪገባ ይጠብቃል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ በዚህ መናኸሪያ ግን ሰው ሁሉ ሞፈር ቆራጭ ሆኖ ሞኙ ጠፋ። ወንዳወቅ የሚባለው መንገደኛ ጠሪ ከአራት ዓመት በፊት መላ መታና ሞኙን ቀጠረው፤ ሀብትነሽን ማለት ነው። ዶሮና ጃንጥላ ይዛ፣ ሻንጣዋን ታቅፋ፣ መስኮት ዳር የተቀመጠች የሃምሳ አራት ዓመት ጨዋ ሴት ያየ መንገደኛ «እኒህ ከተቀመጡማ ሊወጣ ነው» ብሎ ይገባል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይከተላል። «ይሄዳል፣ እማማ?» ይሏታል። «አሁን ይነሣል» ትላለች። መኪናው ሲሞላ «ኧረ መድኃኒቴን ረሳሁ» ብላ ትወርዳለች፤ ቦታዋ ለእውነተኛ ተሳፋሪ ይሰጣል፤ ወንዳወቅም አርባ ብሯን ያስጨብጣትና ወደሚቀጥለው መኪና ትሄዳለች። በቀን ሦስት ጊዜ ቡሬ ልትሄድ ትቀመጣለች። ዶሮዋ እንኳ ሥራውን ለምዳው ሞተር ሲነሣ ራሷ ለመውረድ ትንደፋደፋለች።

አይናለም ነጠላውን አጥፋ ስትሰጣት «እማ፣ ዛሬ ሃያ አንድ ነው» አለች። ሀብትነሽ የሻንጣውን ዚፕ መሳቧን ቀጠለች። ሃያ አንድ መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች። እናቷ ወለተ ኢየሱስ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደር አርባ ዓመት ሙሉ የማርያም ጽዋ ማኅበርተኛ ነበሩ፤ ካቻምና ግንቦት ሲሞቱ ቦታቸውን ለታናሿ ልጃቸው ተናዘዙላት። ማኅበሩ ሃያ አራት ሰው ነው፤ ጽዋው በየወሩ ካንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራልና ለአንድ ሰው ተራ የሚደርሰው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። የወለተ ኢየሱስ ቦታ ተራው ዛሬ ደረሰ። ጽዋውን ተቀብሎ ለሚመጣው ወር የሚደግሰው ደግሞ የቦታው ባለቤት ራሱ መሆን አለበት፤ ወኪል አይቀበልም። ባለቤቱ ከቀረ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን ያረዳቻት ታላቅ እህቷ ታንጉት ናት፤ ባለፈው ወር፣ በስልክ። «መኪና ከተገኘ» ብላ መለሰች ሀብትነሽ። ታንጉት ዝም አለች፤ ሀብትነሽም ዝም አለች፤ ሂሳቡ አልቆ ስልኩ እስኪቋረጥ ሁለቱም አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ አልተደዋወሉም።

ሥራዋ ውሸት ቢሆንም ለእህቷ ግን መጀመሪያ አልዋሸቻትም። ሁለት ጊዜ ሞክራለች። እናቷ በሞቱ በወሩ፣ በሰኔ፣ ስትሄድ ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት፣ ቡሬ ላይ ባጃጁ ሦስተኛ ሰው እስኪያገኝ ሰዓት ተኩል ፈጀባት፤ ስትደርስ ያገኘችው የሚታጠብ ዋንጫ ነበር። በሐምሌ ደግሞ በዝናብ ስትደርስ ግቢው ተጠርጎ አልቋል። ከአጥሩ ውጭ ቆማ አየችና ማንም ሳያያት ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አፈረች፣ ስታፍር ቀረች፣ ስትቀር ደግሞ የባሰ አፈረች። በየቀኑ የቡሬ መኪና ውስጥ የምትቀመጥ ሴት እንዲህ ሆና ነው ለእህቷ «መኪና አጣሁ» ስትል የኖረችው።

«አዲሷ አውቶቡስ ዛሬ ትጀምራለች፤ በሰዓቷ ትነሣለች ይላሉ» አለች አይናለም።

«ባዶ መኪና አይሄድም» አለች ሀብትነሽ። ዶሮዋን በብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች።

መናኸሪያው ዛሬ የንግሥ ቀን መስሏል። አዲሷ አውቶቡስ ረጅም ናት፤ ነጭና ሰማያዊ፤ ከሾፌሩ ራስ በላይ ቀይ ቁጥር የሚያበራ ሰዓት አላት። ከጎኗ ቴዎፍሎስ የሚባለው አስተባባሪ አዲስ ሱፍ ለብሶ ድምፅ ማጉያ ይዞ ቆሟል። መርሐ ግብሩን ያወጣው እሱ ራሱ ነው፤ ስምንት ወር ሠርቶበታል ይባላል። «ሦስት ሰዓት ላይ ትነሣለች፣ ሞላች አልሞላች! ማንኩሳ ሁለት ደቂቃ! ቡሬ ሦስት ከአርባ! ቡሬ ላይ ባጃጆች ቆመው ይጠብቃሉ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በየመንደሩ ይነሣሉ፣ ሞሉ አልሞሉ! ቲኬቱ አንድ ነው!» ይላል። ሕዝቡ ከዛፉ ጥላ ሥር ሆኖ ይሰማዋል። ሞላች አልሞላች በምትለዋ ቃል ሁሉም በየተራ ይስቃል። «ነዳጁን አባቱ የሚቀዳለት ልጅ ነው» ይላል አንዱ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ሌላው። ሰዓቱ ሁለት ተኩል ሲል አውቶቡሷ ውስጥ ከሾፌሩና ከቲኬት ቆራጯ በቀር ሰው የለም። የቴዎፍሎስ ሸሚዝ ከሱፉ ሥር ከጀርባው ላይ ተጣብቋል። ስምንት ወር ሲያስብ የመንገዱን ጉድጓድ፣ የነዳጁን ወረፋ፣ የባጃጁን ቁጥር ሁሉ አስቧል፤ ቀድሞ የሚገባው ማን እንደሆነ ግን አላሰበም።

ወንዳወቅ ይህን ቆሞ ሲያይ ቆየ። አውቶቡሷ እንጀራውን ልትበላ እንደመጣች ያውቃል፤ ግን ሙያተኛ ነውና ባዶ መኪና ሲያይ አንጀቱ አይችልም። ወደ ቴዎፍሎስ ጠጋ ብሎ «ሰው ሰው ካላየ አይገባም፤ ባለሙያ ላከራይህ?» አለው። ቴዎፍሎስ ነገሩ እስኪገባው ሁለት ጊዜ አስደገመው። ከዚያ ወደ ሀብትነሽ መጥቶ፣ ከዶሮዋ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ «እናቴ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ይቀመጡልኝ» አላት። «ሲሞላ እወርዳለሁ» አለች ሀብትነሽ። «እሺ እሺ» አለ ልጁ፤ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነበር። እሷ የምታስበው ስለ መሙላት ነው፣ እሱ የሚያስበው ስለ ሦስት ሰዓት ነው፤ ሁለቱም ሌላው ያሰበውን አልጠየቁም። ነገሩ እውነት እንዲመስል ብሎ ደርሶ መልስ ከነባጃጁ የሆነ ቲኬት ቆርጦ አስያዛት።

ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ አዲስ የፕላስቲክ ሽታ ይሸታል። ሀብትነሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ መስኮት ዳር ተቀመጠች፣ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ፣ ዶሮዋን ሻንጣው ላይ አደረገችና ሥራዋን ጀመረች። ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ ጥበብ አለው፤ ወደ ውጭ እያዩ መቻኮል አይገባም፣ እንቅልፍም መያዝ አይገባም፤ ልክ ቀጠሮ እንዳለው ሰው አንዴ ወደ ሾፌሩ አንዴ ወደ ፀሐይ ማየት ነው። መጀመሪያ የቀረቡት መነጽራቸውን በክር ያሰሩ አንድ የኔታ ናቸው። «ይሄዳል፣ እመት?» አሏት። «አሁን ይነሣል፣ የኔታ» አለች። ገብተው ከጎኗ ተቀመጡና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቋት። በሌላ ቀን የታመመ አጎት አላት፣ የሚዳር የወንድም ልጅ አላት፣ የጠፋ በሬ አላት፤ የምትሄድበት ምክንያት አያልቅባትም። ዛሬ ግን ሃያ አንዱ ከልቧ ስላልወጣ «የናቴ የጽዋ ተራ ደርሶ፣ ልቀበል» የሚለው ካፏ አመለጠ። የኔታ «የታደልሽ» ብለው መረቋት፣ ለኋለኛው ወንበርም አወሩላት፤ እሷም ውሸቷ እንዲህ ያማረበት ቀን አላስታውስ አለች።

ሰው መግባት ጀመረ። የካምፓስ ተማሪዎች ገቡ፤ ሁለት ጆንያ በርበሬ ያስጫነ ነጋዴ ገባ፤ ልጅ ያዘለች ሴት ገባች። ሀብትነሽ ዘወር ብላ ቆጠረች፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው። ሃያ ስድስት ቦታ ገና ባዶ ነው። «እንግዲህ እስከ ምሳ እዚሁ ነኝ» ብላ ተደላደለች። ሞተሩ ሲነሣ ዶሮዋ ለመውረድ ተንደፋደፈች። «ዝም በይ፣ ገና ነው» ብላ በእጇ ተጫነቻት። ሞተር ማስነሣት ደንበኛው የረዳቶች ማታለያ ነው፤ መኪና አሥር ጊዜ ይነሣል፣ አንድ ሜትር ወደ ፊት አንድ ሜትር ወደ ኋላ ይላል፣ አይሄድም። ከዚያ ቀዩ ሰዓት ሦስት ሆነ፤ በሩ ፍስስ ብሎ ራሱ ተዘጋ፤ አውቶቡሷም ከዛፉ ሥር ያለውን ሕዝብ አልፋ ወጣች። ዶሮዋ ልክ ነበረች።

ሀብትነሽ ብድግ አለች። የኔታ እጇን ይዘው «ይቀመጡ እንጂ፣ ይወድቃሉ» አሏት፤ በእድሜ ቢበልጧትም የጽዋ ባለተራ ናትና አንቱ ብለዋታል። በመስኮቱ ቴዎፍሎስ ሱፉን ይዞ ሲሮጥ አየችው። አፉን ከፍቶ ለሾፌሩ «ቁም» ሊል ነበር፤ ግን «ከተነሣች አትቆምም» የሚለውን ደንብ የፈረመው እሱ ነው፤ አፉን እንደከፈተ ቆሞ ቀረ። ከጀርባው ወንዳወቅ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሀብትነሽ «እኔኮ ተሳፋሪ አይደለሁም» ልትል ቃሉ እጉሮሮዋ ደረሰ። ግን አሥራ ዘጠኝ ሰው እሷን አይቶ ነው የገባው፤ ሁሉም ስለ ጽዋው ሰምቷል፤ ልጅ ያዘለችው ሴት ከኋላ «እኔንም በጸሎትዎ ያስቡኝ» ብላታለች። ተመልሳ ተቀመጠች። ከእግር ጣቷ ጀምሮ የሆነ ሳቅ ሽቅብ መጣባት፤ በነጠላዋ አፏን ይዛ ዋጠችው።

መንገዱ በዚህ ወር እንዲህ እንደሚያምር ረስታው ነበር። ኑጉ በሁለቱም በኩል ቢጫ አበባውን አውጥቷል፤ በየግቢው የተሰጣው በርበሬ ቀልቷል፤ አውቶቡሷ በሬውንም ባጃጁንም እያለፈች ትበራለች። ማንኩሳ ላይ ስትቆም ሀብትነሽ ለመውረድ ተነሣች። በሩ ጋ ደርሳ ወደ ኋላ የሚመለሱትን ሚኒባሶች አየች፤ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ባዶ፣ ረዳቶቹ ካርታ ይጫወታሉ። ከዚያ ቀዩን ሰዓት ቀና ብላ አየች። ሦስት ከሃያ። ቡሬ ሦስት ከአርባ ቢደርሱ፣ ባጃጁ አሥር ደቂቃ ቢቆይ፣ መንገዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ፣ አራት ተኩል ሳይሞላ መንደሩ ናት። ጽዋው የሚሰጠው አምስት ሰዓት ላይ ነው። እንደገና አሰላችው፤ ያው ነው። ዓመት ከሦስት ወር አይሆንም ስትለው የኖረችው ነገር በጣቷ ላይ ሆነላት፤ ደስታው አስፈራት። ወደ ወንበሯ ስትመለስ በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሷ ተነሣች፣ ሻይ ልጠጣ ብሎ የወረደው የበርበሬ ነጋዴ ብርጭቆውን እንደያዘ ሲሮጥ ታየ። «ሁለት ደቂቃ ተብሎ የለም እንዴ» አሉ የኔታ፤ አውቶቡሱ በሙሉ በሳቅ ወደቀ፤ ሀብትነሽም የዋጠችውን ሳቅ ከነትርፉ ለቀቀችው። ነጋዴው ባጃጅ ይዞ ከኋላ ተከተላቸው፤ ጥሩምባው እስከ ቡሬ ሲያጅባቸው ደረሰ።

ቡሬ ሲደርሱ ሦስት ከአርባ ነበር። የኔታ «ጽዋዎ የተባረከ ይሁን» ብለው ወደ መነጽር ሠሪ ሄዱ። ሀብትነሽ ለአይናለም ደወለች።

«ምሳ አትጠብቂኝ።»

«የት ሁነሽ?»

«ቡሬ።»

«የእውነትሽን የት ነሽ?» አለች አይናለም።

የመንደሯ ባጃጅ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎባት ቆማለች። ነጂው ይታገሱ ይባላል፤ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ፊቱ ጨልሟል። ሦስት ከሃምሳ ሲሆን ከሀብትነሽ በቀር የገባ የለም። «መነሣት አለብኝ አሉ» አላት፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው። «ተነሣ እንግዲህ» አለችው። ግማሽ መንገድ እስኪደርሱ በመስተዋቱ ባዶውን ወንበር እያየ ሄደ። «እታለም፣ አሥር ዓመት ነዳሁ፤ አንድ ሰው ጭኜ የሄድሁት ሙሽራ ሳደርስ ብቻ ነው» አለ። «ዛሬም ሙሽራ ነው የያዝህ» አለችው ሀብትነሽ፤ ዶሮዋን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አሳየችው። ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ነዳጁን የባጃጅ ማኅበራቸው እንደሚሸፍንለት፣ ባዶ ነድቶ መከፈሉ ግን አሁንም ሕልም እንደሚመስለው ነገራት። ከሳቀ በኋላማ ዘፈን ከፍቶ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዘለለ አደረሳት።

ድግሱ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪው፣ በሆኑት በአያ ባምላኩ ቤት ነው። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ደጃፉ ደርሳ ሻንጣዋን ስታወርድ ነው ያልታሰበው ነገር ብልጭ ያለላት። ዓመት ከሦስት ወር ቀርታ የመጣች ሴት፣ የያዘችው አንድ ሻንጣ ጭድና አንድ ድንጋይ ነው። መጣል ፈለገች፤ ቦታ የለም፤ ውሻው ጮኸ፤ ገባች። ቤቱ ሞልቷል። ነጭ የለበሱ ሰዎች ግድግዳውን ተከትለው በመደቡና በአግዳሚው ተቀምጠዋል፤ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መኻል ላይ አለ። ዓይኗ በቀጥታ ወደ ምሰሶው ሄደ፤ በየባለተራው ቤት እናቷ አርባ ዓመት የተቀመጡት ከምሰሶው ሥር ነው። ቦታው ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን አጣጥፋ፣ እዚያው የተወለደች መስላ። «ተሰጥቷል» አለች በልቧ። «አምስት ሰዓትን እንኳ አልጠበቁ።» እስከዚህ ያበረራት ደስታ ሁሉ ባንዴ ጠፋ፤ ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች።

ታንጉት የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ እህቷን አየችና ቆመች። ሁለቱ እህትማማቾች በስልክ እንደለመዱት ዝም ተባባሉ፤ ዛሬ ግን የሚያልቅ ሂሳብ የለም። መጨረሻ ታንጉት ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ በምሰሶው ሥር ወደተቀመጠችው ሴት ጎንበስ አለችና «አምለሰት፣ ተነሽ፤ መጣች» አለቻት። አምለሰት ወገቧን ይዛ ተነሣች። «ተመስገን! አሥራ አምስት ወር ተቀመጥሁ እኮ፤ ምሰሶው ጀርባዬን ጨረሰው» አለችና ቦታውን በእጇ ጠርጋ ለሀብትነሽ አሳየቻት።

«ማን ናት?» አለች ሀብትነሽ፣ አምለሰትን እያየች።

«ጎረቤቴ ናት። ሦስት ጊዜ ባዶ የዋለ ቦታ ይለቀቃል ይላል ደንቡ፤ አንች ሁለቱን ጨርሰሽ ነበር። ደንቡ ባዶ ይላል እንጂ የማን መቀመጫ እንደሞላው አይጠይቅም። በወር አንድ ድፎ ዳቦ እየሰጠሁ አስቀመጥኋት።»

አያ ባምላኩ ከላይኛው መደብ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ዓይኔ ደካማ ነው፤ ሰው መኖሩን እንጂ ማን መሆኑን አላይም» አሉ። ቤቱ አጉረመረመ፤ ደካማ ዓይን ያለው ሰው በዚያ ቤት ብዙ መሆኑ ግልጽ ነበር። ታንጉት ሻንጣውን ከእህቷ ተቀብላ ወደ ጓዳ ልታስገባ አነሣችው። «ምን አምጥተሽ ነው እንዲህ የከበደ?» አለች፤ የልቧ ደስታ እጇን አቻኮላትና ሀብትነሽ «ተይው» ሳትላት ዚፑን ሳበችው። ጭዱ ገነፈለ። ድንጋዩ ተንከባሎ ከአያ ባምላኩ እግር ሥር ቆመ። ሃያ አራት ሰው ጭዱን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ ሀብትነሽን አየ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚህም አንድ ነገር ይገኝላት ነበር፤ የታመመ በሬ፣ የጎደለ ፍራሽ። ዛሬ ግን ውሸቱ ሁሉ መናኸሪያ ቀርቶባታል። ቆማ እንዳለች እውነቱን አወጣችው። በየቀኑ የቡሬ መኪና ውስጥ እንደምትቀመጥ፣ ሰው እሷን አይቶ እንደሚገባ፣ ሲሞላ እንደምትወርድ፣ ዛሬ መውረድ አቅቷት እንደመጣች ነገረቻቸው። «እንጀራዬ ይኸ ነው፣ እታለም። ባዶ እንዳይመስል መቀመጥ።» ታንጉት አፏን ይዛ ሰማቻት። ከዚያ አምለሰትን ዞር ብላ አየቻት፤ አምለሰት ሀብትነሽን አየቻት። «ደመወዝ አለው?» አለች አምለሰት። መጀመሪያ የሳቀችው ታንጉት ናት። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» አሉ አያ ባምላኩ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን ዝም የሚያሰኘው ጠፋ፤ ሽማግሌዎቹ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ዶሮዋ ባገኘችው ጭድ ላይ ተደላድላ ተቀምጣ አንድ እንቁላል ጣለች።

ሳቁ ሲበርድ ሀብትነሽ እህቷን ወደ ጓዳ በር ሳበቻትና ዝቅ ባለ ድምፅ «በሐምሌ መጥቼ ነበር። ከአጥሩ ሥር ተመለስሁ» አለቻት።

«አይቼሻለሁ» አለች ታንጉት። «ዝናብ ነበር። ያችን ጃንጥላ ይዘሽ ስትመለሽ ጀርባሽን አየሁ። ብጠራሽ ታፍሪያለሽ ብዬ ተውሁት። ማታውን ሄጄ አምለሰትን ለመንኋት።»

ሀብትነሽ የእህቷን ትከሻ ይዛ ስታለቅስ እንደገና መሳቅ መጣባት፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ሆኑባት። ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ ቦታዋን ያጣች ይመስላት ነበር፤ እህቷ ግን በየወሩ ዳቦ እየጋገረች ስታሞቅላት ኖራለች። አምስት ሰዓት ላይ አያ ባምላኩ ጽዋውን ከነጨርቁ አንሥተው «የወለተ ኢየሱስ ቦታ» ብለው ተጣሩ። «አለሁ» አለች ሀብትነሽ። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ጽዋው በሁለት እጇ ላይ አረፈ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

የሚመጣው ድግስ የት ነው ሲባል «ፍኖተ ሰላም፣ እኔ ቤት» አለች። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ የማይለብስበት ክፍል ሃያ አራት ሰው እንዴት እንደሚይዝ ያን ጊዜ አላሰበችበትም፤ አከራይዋን ግቢውን ስትለምን ታስበዋለች። ሰዎቹ ግን የጨነቃቸው መንገዱ ነው። «ባጃጅ እስኪሞላ፣ መኪና እስኪሞላ፣ ሌላ ሃያ አንድ ይደርሳል» አሉ አንዲት አሮጊት። ሀብትነሽም ጽዋውን እንደያዘች ስለ ቀዩ ሰዓት፣ ስለ ይታገሱ፣ ብርጭቆ ይዞ ስለቀረው ነጋዴ ነገረቻቸው። አንዳንዱ አመነ፣ አንዳንዱ ሳቀ። «ማን ነው ቀድሞ የሚገባ?» አሉ አያ ባምላኩ። «ሁላችን ባንዴ ነዋ» አለች ታንጉት፤ ነገሩም በዚሁ ተወሰነ። ስትነሣ ገብስማዋን ዶሮ ለአምለሰት ሰጠቻት። ነገ ጠዋት ያለ ዶሮ ምን ሆና መናኸሪያ እንደምትገባ አታውቅም፤ ግን ጽዋ የተቀበለ እጅ ያን ዶሮ ታቅፎ አይቀመጥም ብላ ቆርጣለች። ሻንጣውን ታንጉት በድፎ ዳቦና በበርበሬ ሞላችላት። አሁን በእውነት ከበደ።

ይታገሱ በተባለው ደቂቃ መጣ፤ ከኋላው አንዲት ነፍሰ ጡርና አንድ ቄስ ጭኗል፤ ለእነሱም «የምነሣው በሰዓቱ ነው» እያለ ሲኮራ ሰማችው። ቡሬ መናኸሪያ ስምንት ከሃምሳ ደረሰች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትመለሰው አውቶቡስ በሯን ከፍታ ቆማለች፤ ውስጧ አንድም ሰው የለም። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ጥላ ሥር ሆኖ የሌላውን እግር ያያል። ሀብትነሽ በመኻላቸው አልፋ ገባች፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮት ዳር። ሻንጣዋን እግሯ ሥር፣ በነጠላ የጠቀለለችውን ጽዋ ጉልበቷ ላይ አደረገች። አንድ ጆንያ ሽንኩርት የተሸከመ ሰውዬ ወደ መስኮቱ ቀረብ ብሎ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ፣ እሷን አየ።

«እማማ፣ ይኸ መኪና ይሄዳል?»

«አሁን ይነሣል» ልትል አፏን ከፈተች፤ አራት ዓመት ያለችው ይህን ነው። ቀና ብላ ቀዩን ሰዓት አየች፤ ስምንት ከሃምሳ ሁለት ይላል። ጽዋውን ወደ ሆዷ ጠጋ አደረገችው።

«እኔስ እሄዳለሁ» አለችው።

ሰውዬው ፊቷን ትኩር ብሎ አየና ሽንኩርቱን ተሸክሞ ገባ።